የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዜና፣ ሚኒ ሚዲያና ክበባት፤ ጥያቄና መልስ

በገጠር ወረዳዎች የሚገኙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች ስለ ሚኒ ሚዲያ፣ ስለ ተማሪዎች ክበባትና ስለ ትምህርት ቤት ዜና የላኳቸውን ጥያቄዎች ተቀብዬ ከዚህ በታች መልሻለሁ። የምመልሰው በአንዲት የወረዳ ከተማ አማርኛ እያስተማርኩ የሚኒ ሚዲያ ተጠሪ መምህር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከተማሪዎቼ ጋር ሞክረን ካየነው ተነሥቼ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አጣምሬያቸዋለሁ፤ የጠያቂዎቹንም ሆነ የትምህርት ቤቶቹን ስም አላነሣሁም።

ጥያቄ፦ በዚህ ዓመት የሚኒ ሚዲያ ተጠሪ ሆኜ ተመድቤአለሁ። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ የሚነበበው ጥቅስ፣ እንቆቅልሽና የርእሰ መምህሩ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ሰልፈኛው አይሰማም። ዜና ብለን ማንበብ ያለብን ምንድን ነው?

መልስ፦ ሰልፈኛው የማይሰማው የሚነበበው ነገር ስለ እርሱ ስላልሆነ ነው። ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ደወል እስኪደወል ድረስ ያለችው አጭር ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን የምትገኝ፣ መላው ተማሪ በአንድ ቦታ ቆሞ ጆሮውን የሚሰጥባት ብቸኛ ጊዜ ናት። ስለዚህ ለዚያች ጊዜ የሚመረጠው ወሬ ትናንት በግቢው ውስጥ የሆነ፣ ዛሬ የሚሆን ወይም ተማሪው ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚገባ ነገር ቢሆን ይመረጣል።

በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ብዙ ጊዜ የሚነበበው «የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ውጤታማ ሥራዎችን እየሠራ እንደሚገኝ ተገለጸ» የሚል ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ማን እንደሠራ፣ ምን እንደሠራና ለምን እንደሠራ አይናገርም፤ ባለፈው ዓመትም ሊነበብ ይችል ነበር። በዚህ ፈንታ እንዲህ ቢባልስ? «የ9ኛ ሐ ክፍል ተማሪዎች ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን የውኃ መውረጃ ቦይ ጠርገዋል። ሥራው ያስፈለገው ባለፈው ሳምንት የጣለው ዝናብ ወደ ውስጥ ገብቶ በታችኛው መደርደሪያ ያሉትን መጻሕፍት ስላረጠበ ነው። መጻሕፍቱን በማድረቅ ለመርዳት የምትፈልጉ ዛሬ በእረፍት ሰዓት ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ተመዝገቡ።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ሆኖም አድራጊው፣ ምክንያቱና ቀጣዩ ሥራ ሁሉም አለበት። የ9ኛ ሐ ተማሪዎች በዚያ ጠዋት ቀና ብለው ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ መጽሐፋቸው ረጥቦ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይሄዳሉ።

ጥቅሱንና እንቆቅልሹን ፈጽመው ያስቀሩ አልልም፤ ተማሪ ይወደዋልና ዓርብ ቢሆን መልካም ነው። የርእሰ መምህሩን ማስታወቂያ ግን ከዜናው ለይተው በመጨረሻ እንዲነበብ ያድርጉ። ሁለቱ ከተደባለቁ ተማሪው ሚኒ ሚዲያውን የአስተዳደሩ ድምፅ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ ወሬ የሚያመጣላችሁ ሰው አታገኙም።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከቤተሰቦቼ ርቄ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው። የሴቶች ክበብ አባል ብሆንም ስብሰባው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ስለሆነ አንድም ቀን ተገኝቼ አላውቅም፤ በዚያን ሰዓት ስንቅ ለማምጣት ወደ አገር ቤት መንገድ እጀምራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግሩ ከአንቺ ሳይሆን ከመርሃ ግብሩ ነው፤ ስለዚህ መስተካከል ያለበትም እርሱ ነው። የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳምንት ከከተማው ተማሪ ሳምንት ይለያል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በኪራይ ቤት ያለው ተማሪ ልቡ መንገድ ላይ ነው፤ ሳይመሽ ለመድረስ የሚቸኩል ነውና ማንም ሊፈርድበት አይገባም። እሑድ ማታ ዱቄቱን፣ ሽሮውንና ድርቆሹን ተሸክሞ ይመለሳል፤ ሰኞ ደግሞ የተጓዘ ሰው ድካም አለበት። ስለዚህ የክበብ ስብሰባ የሚያመቸው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ነው።

ሰዓቱም ቢሆን ከትምህርት በኋላ ባይሆን ይሻላል። በኪራይ ቤት የምትኖር ልጅ ከትምህርት ስትመለስ ውኃ ትቀዳለች፣ ራቷን ትሠራለች፣ ከዚያም ታጠናለች፤ ሲመሽ ብቻዋን መንገድ ላይ እንድትገኝም አይመከርም። በብዙ ቦታ የሚሠራው መፍትሔ በወር ሁለት ጊዜ የእያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ርዝመት በአምስት ደቂቃ ማሳጠር ነው። በቀን ሰባት ክፍለ ጊዜ ካለ 35 ደቂቃ ይገኛል፤ ለአንድ የክበብ ስብሰባ ይበቃል፤ ከማንም የትምህርት ዓይነት ሙሉ ክፍለ ጊዜ አይወሰድም። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣና የከሰዓቱ ሲገባ ሁለቱም በግቢው የሚገናኙባትን ጊዜ መጠቀም ይቻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ሥራ ስለሚበረታ በእነዚያ ወራት ከባድ ዝግጅት ባይያዝ መልካም ነው።

አንቺ አሁን ልታደርጊው የምትችይው ከአንቺ ጋር ተከራይተው የሚኖሩትን ተማሪዎች ስምና የሚመጡበትን ቀበሌ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ፣ ለስብሰባው የሚመቻችሁን ቀን ጠቅሳችሁ ለክበቡ ተጠሪ መምህርት መስጠት ነው። በቃል የሚቀርብ አቤቱታ ይረሳል፤ በስም ዝርዝር የቀረበ ግን መልስ ይጠይቃል። ዝርዝሩ ለሌላም ይጠቅማል። በኪራይ ቤት የታመመ ተማሪ እናት አጠገቡ ስለሌለች ሁለትና ሦስት ቀን ሳይታወቅ ሊተኛ ይችላል። ክበባችሁ በየሰፈሩ አንድ ተጠያቂ መርጦ የቀረውን ተማሪ ቢያንኳኳ፣ ከማንኛውም የክበብ ሥራ የሚበልጥ ሥራ ሠራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ መብራት በየጊዜው ይጠፋብናል፤ አንዳንዴም ሳምንት ይቆያል። ሞንታርቦውና ማጉያው ያለ ሥራ ተቀምጠዋል። ሚኒ ሚዲያውን እንዝጋው?

መልስ፦ አትዝጉት። ብዙዎቹ ለትምህርት ቤት የሚሰጡ ማጉያዎች ከጀርባቸው በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠሩበት ማስገቢያ አላቸው፤ መጀመሪያ ይህንኑ ተመልከቱ። ካለው አንድ የመኪና ባትሪና አነስተኛ የሶላር ሰሌዳ ለጠዋቱ ዜና ይበቃል። ባትሪው ግን እስኪሞት ድረስ ከተጠቀማችሁበት ዕድሜው በፍጥነት ያልቃል፤ ግማሽ ያህል ኃይል ሳይጨርስ እንዲሞላ አድርጉ። መሣሪያው ሲያርፍ በጨርቅ ይሸፈን፤ በበጋ ወራት ከሜዳው የሚነሣው አቧራ ከመብራት መቋረጥ ባልተናነሰ ይጎዳዋል። አንባቢው ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ሲቆም የሚሰማው ፉጨት ማይክራፎኑ ከማጉያው የሚወጣውን ድምፅ መልሶ ስለሚቀበል ነው፤ ማጉያውን ከአንባቢው ፊት ቀደም አድርጋችሁ ወደ ሰልፈኛው ስታዞሩት ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የግድግዳ ጋዜጣ አስቡ። መብራት አይፈልግም፤ ያመለጠው ያነበዋል፤ የተጻፈው ነገርም ይቀመጣል። ከዝናብ የሚጠለል በረንዳ፣ በትልቅ ፊደል የሚጽፍ ሁለት እጀ ቆንጆ ተማሪና በየሰኞው የመቀየር ልማድ ይበቃዋል። የአንድ ወር ጋዜጣ ሳይቀየር ከተሰቀለ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ጥያቄ፦ ዜናውን በእንግሊዝኛ እንድናነብ የቋንቋ መምህራችን ያስገድዱናል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልምምድ ነው ይላሉ። ትክክል ነው?

መልስ፦ ልምምዱ አስፈላጊ ነው፤ መምህራችሁ ያሰቡት ለእናንተ ነው። ይሁን እንጂ የፈተና መርሃ ግብር መቀየሩን፣ የክትባት ቀንን ወይም የጠፋ ሰው ማፈላለግን በመሰለ ጉዳይ ሁሉም ሰው ወዲያው ሊረዳው የሚገባው መልእክት በአካባቢው ተማሪ አፍ መፍቻ ቋንቋ መነበብ አለበት። ለእንግሊዝኛው በሳምንት አንድ ቀን ለዩለት፤ በዚያ ቀን ሰኞ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተነበበው ዜና ተተርጉሞ ቢነበብ ሰሚው ጉዳዩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ቋንቋውን ይከታተላል። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ማኅበረሰብ ባለበት ወረዳ ደግሞ ዜናው በሁለቱም ቢነበብ ጊዜ ይወስዳል ተብሎ መተው የለበትም።

ጥያቄ፦ የክፍል ጓደኛችን ልትዳር እንደሆነ ሰምተናል፤ ገና 16 ዓመቷ ነው። በሚኒ ሚዲያ ብናጋልጠው ይቆማል ብለን አስበናል። ይፈቀድልናል?

መልስ፦ በሚኒ ሚዲያ ፈጽሞ እንዳታነቡት። አሳባችሁ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የልጅቱ ስም በሰልፍ ፊት ከተጠራ በኋላ ጋብቻው ቢቀር እንኳ እርሷ ወደ ክፍል መመለስ ያቅታታል፤ ቤተሰቧም በእልህ ጉዳዩን ሊያፋጥነው ወይም ወደ ሌላ ቀበሌ ሊወስዳት ይችላል።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ለወንድም ለሴትም የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባን ሰው ይቀጣል፤ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እስራት ይደርሳል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ቢቻል ልጅቱ ራሷ ፈቅዳና አብራችሁ ሆና፣ ለሴቶች ክበብ ተጠሪ መምህርት በምሥጢር ንገሩ። መምህርቷ ከርእሰ መምህሩ ጋር ሆነው በወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ያሳውቃሉ። ብዙ ጊዜ ከፖሊስ በፊት አባትን ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግር የተከበረ የአገር ሽማግሌ ወይም የሃይማኖት አባት ማግኘት ነገሩን በሰላም ያስቀረዋል፤ ይህ ግን ሕጋዊውን መንገድ የሚያዘገይ ምክንያት መሆን የለበትም።

ሚኒ ሚዲያው የራሱ ድርሻ አለው። በብዙ የገጠር አካባቢ ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው ጊዜ ነው። ሕጉንና አቤቱታ የሚቀርብበትን ቦታ ከታኅሣሥ ጀምሮ ማንንም ሳትጠቅሱ በተደጋጋሚ አንብቡ። በዚያው ሳምንት የሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ ክፍል የት እንዳለ፣ ቁልፉ በየትኛዋ መምህርት እጅ እንደሆነና ውስጡ ምን እንደሚገኝ አብራችሁ ብትናገሩ መልካም ነው። ክፍሉ ተሠርቶ ቁልፉ የማይታወቅበት ትምህርት ቤት አይቻለሁ፤ ልጆቹ በወር በወሩ ከትምህርት ይቀሩ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሚኒ ሚዲያ፣ ድራማ፣ ክበብ እያለ ይውላል። ስንቱ ተማሪ በሚወድቅበት ዘመን ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በተሰጠው 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኗል። ይህን ቁጥር ይዞ ስለ ክበብ መናገር ቀላል አይደለም።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በአንድ ክበብ ብቻ ይሳተፍ፤ ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ ኃላፊነቱን ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አስረክቦ ሙሉ ጊዜውን ለጥናት ይስጥ። ከዚያ በፊት ግን ፈጽሞ አይከልክሉት። ዜና የሚጽፍ ተማሪ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ነገሩን ማውጣት ይለምዳል፤ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደግሞም ልጅዎ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ፣ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረዳው ወጥቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሊያድር ነው። በሰው ፊት መቆምንና ከማያውቀው ሰው ጋር መነጋገርን የለመደ ልጅ በዚያ ቦታ አይደናገጥም።

ሚኒ ሚዲያዎችም ባለፈው ዓመት የተፈተኑ ተማሪዎችን ጠይቀው ምን ይዞ መሄድ እንደሚገባ፣ ምን እንደሚከለከልና አዳሩ እንዴት እንደነበር በሰኔ መጀመሪያ ቢያቀርቡ ለገጠር ልጅ ትልቅ ስንቅ ይሆነዋል።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ እንተክላለን፤ በዓመቱ ስንመለስ የለም። ክበባችን ተስፋ ቆርጧል።

መልስ፦ የአረንጓዴ አሻራ ተከላ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በክረምት ይካሄዳል፤ ሐምሌ ለችግኝ ትክክለኛ ወር ነው። ትምህርት ቤት ግን በሐምሌና በነሐሴ ዝግ ነው። ችግኙ የሚሞተው ደግሞ በአብዛኛው በእነዚያ ወራት ሳይሆን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ጊዜ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ተማሪው በግቢው ውስጥ አለ። ስለዚህ የክበባችሁ ዋና ሥራ የሚጀምረው ከጥቅምት ነው።

በጥቅምት የበቀለውን ቁጠሩ። እያንዳንዱ ክፍል የሚጠብቀው መስመር ይሰጠው። በዙሪያው እሾህ እጠሩ፤ ግቢው አጥር ከሌለው ፍየል ከድርቅ ይቀድማል። በደረቁ ወራት ተማሪው እጁን የሚታጠብበት ውኃ ወደ ሥሩ እንዲፈስ ቦይ አውጡ። ጽድና ወይራ ዝግ ብለው ያድጋሉ፤ ግራቪሊያ ቶሎ ይታያል፤ ሁለቱን አቀላቅሎ መትከል የተማሪውን ተስፋ ያቆየዋል። በግንቦት እንደገና ቁጠሩና በሚኒ ሚዲያ የምታነቡት ቁጥር የጸደቀው ይሁን። የተተከለውን ብዛት ማወጅ ለሪፖርት ይመቻል፤ የጸደቀውን ማወጅ ግን በሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል ብቻ መትከል እንደሚገባ ያስተምራል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ቻናል አለው። የተማሪዎች ውጤት ከነስማቸውና ከነፎቷቸው ይለጠፋል። ጥሩ ነው?

መልስ፦ የተሸላሚ ተማሪ ፎቶ ተማሪውና ወላጁ ፈቅደው ቢለጠፍ ደስ ይላል። የመላው ክፍል ውጤት ከነደረጃው መለጠፉ ግን ስሕተት ነው፤ መጨረሻ የወጣችው ልጅ ስም አረብ አገር ያለች አክስቷ ስልክ ላይ ሳይቀር ይደርሳል፣ ተመልሶም አይሰበሰብም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን የግል መረጃ ማሰባሰብና ማሰራጨት በሥርዓት እንዲሆን ያስገድዳል። ውጤት በካርድ ለወላጅ ይሰጥ፤ ቻናሉ ለመርሃ ግብር፣ ለማስታወቂያና ለክበባት ዜና ይዋል። ስልክ የሌለው ተማሪ ብዙ ነውና በቴሌግራም የወጣ ሁሉ በግድግዳም ይለጠፍ።

ጥያቄ፦ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር እንደሌለው በሚኒ ሚዲያ ስላነበብን ክበባችን ለአንድ ወር ታገደ። የትምህርት ቤቱን ስም አጠፋችሁ ተባልን። ጥፋታችን ምንድን ነው?

መልስ፦ በሩ እንደሌለ በዓይናችሁ አይታችሁ ከተናገራችሁ እውነት መናገር ጥፋት አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 አሳብን የመግለጽ መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል፤ ተማሪም ሰው ነው። ደግሞም በር የሌለው መጸዳጃ ቤት ሴት ልጅን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ የሚያውል ነገር ነውና ዝም የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ለወደፊቱ ግን አሠራራችሁን አጠንክሩ። ችግሩን ከማንበባችሁ በፊት ለምክትል ርእሰ መምህሩ ሄዳችሁ «ይህን አይተናል፤ ምን ታስቧል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሳቸውን ከዜናው ጋር አብራችሁ አንብቡ። «በጀት የለም» ቢሏችሁም ይህ ራሱ ዜና ነው፤ ወላጆች በሚቀጥለው ስብሰባ የሚጠይቁትን ያውቃሉ። እገዳውን በተመለከተ በተማሪዎች ፓርላማ በኩል ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በጽሑፍ አቅርቡ፤ በኅብረቱ ውስጥ የተማሪ ወኪል የሚቀመጠው ለዚህ ነው። የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሃ ግብርም ምቹና ደኅንነቱ የተጠበቀ የትምህርት ቤት አካባቢን ከአራቱ ዐቢይ ርእሰ ጉዳዮች አንዱ አድርጎ ይዟል። ስለዚህ የመጸዳጃ ቤቱን በር መጠየቅ ትምህርት ቤቱ ራሱ በዕቅዱ የጻፈውን መጠየቅ ነው። በደብዳቤያችሁ ላይ ይህን ጥቀሱት።

ርእሳነ መምህራንም ይህን ብታነቡ እለምናለሁ፤ የታገደ ክበብ ችግሩን አያስቀረውም፣ ልጆቹ ግን ያዩትን መናገር እንደማያዋጣ ይማራሉ።

ጥያቄ፦ ቤተ ሙከራችን ዕቃ የለውም። የሳይንስ ክበብ ምን ሊሠራ ይችላል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ዝናብ ይለካ። አንድ ቀጥ ያለ ጣሳና ማስመሪያ ይበቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የመማሪያ ክፍሉ ጣሪያ 200 ሜትር ካሬ ቢሆንና 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ከሚባክነው በቀር እስከ 2,000 ሊትር ውኃ ከቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ይህን ስሌት ተማሪው ራሱ ከደረሰበት ስለ አሸንዳና ስለ ማጠራቀሚያ መጠየቁ አይቀርም። የየሳምንቱ መጠን ሰኞ ጠዋት በሚኒ ሚዲያ ይነበብ፤ አባቱ ገበሬ የሆነ ተማሪ ይህን ዜና ቤቱ ድረስ ይዞት ይሄዳል።

ሌላው ሲባጎና ድንጋይ ነው። ከተንጠለጠለበት እስከ ድንጋዩ መሐል አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ሃያ ጊዜ ሲመላለስ በስልክ ሰዓት ለክታችሁ ለሃያ ብታካፍሉት የአንዱን ምልልስ ጊዜ ታገኛላችሁ፤ ከዚያም በመጽሐፉ ቀመር የመሬት ስበትን ፍጥንጥነት ከመጽሐፉ ቁጥር ብዙ ሳትርቁ ታሰላላችሁ።

ጥያቄ፦ ሜዳም ኳስም የለንም። የስፖርት ክበብ ስም ብቻ ነው።

መልስ፦ ሩጫ ኳስ አይፈልግም። በአርሲ የምትገኘው ቦቆጂ ትንሽ ከተማ ናት፤ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ እያንዳንዳቸው በ5,000ና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኙት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያው አካባቢ ናቸው። ብዙዎቹን በልጅነታቸው ያሠለጠኗቸው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በዚያው ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ከናንተም መካከል ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ የሚማር አይጠፋም። በየክፍሉ የአገር አቋራጭ ውድድር አድርጉና ሰዓቱን መዝግባችሁ በግድግዳ ጋዜጣ አውጡ፤ ለወረዳው የተማሪዎች ውድድር ስትጠሩ ማንን እንደምትልኩ ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ ምክትል ርእሰ መምህር ነኝ። በወረቀት ላይ 14 ክበባት አሉን፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ መዝገቡን እናሳያለን። በእውነት የሚሠሩት ግን ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። እንዴት እናነቃቃቸው?

መልስ፦ ሁሉንም ለማነቃቃት አይሞክሩ። አንድ መምህር በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ ሁለት ክበብ ሲሰጠው ሁለቱንም በወረቀት ይይዛቸዋል፤ ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ፀረ ኤችአይቪን፣ ቀይ መስቀልንና የጤና ክበብን በአንድ ተጠሪ ሥር ማድረግ ይቻላል፤ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ከሥነ ዜጋ ጋር ይስማማሉ። የቀሩት እያንዳንዳቸው በመስከረም አንድ ብቻ፣ በዓይን የሚታይ ሥራ ይምረጡ፤ የቤተ መጻሕፍት ክበብ የተበጣጠሱ መጻሕፍትን መስፋት፣ የጤና ክበብ የእጅ መታጠቢያ ውኃ በየጠዋቱ መሙላት፣ የሒሳብ ክበብ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሐሙስ ሐሙስ ማስጠናት። ሪፖርቱም ከዚህ ይነሣ። ሱፐርቫይዘሩ የክበባቱ ቁጥር ለምን እንደቀነሰ ቢጠይቁ ሥራውን ራሱን ያሳዩአቸው፤ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።

በዓላቱም እንዲሁ ናቸው። የሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ኅዳር 22 የዓለም የኤድስ ቀን፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ የካቲት 23 ዐድዋ፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሁሉም በእኩል ድግስ ሊከበሩ አይችሉም። ሁለቱን በደንብ አዘጋጅታችሁ ሌሎቹን በጠዋት ሰልፍ በአጭር ጽሑፍ አስቧቸው።

ጥያቄ፦ በሰው ፊት ሳነብ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ዜና አንባቢ መሆን ግን በጣም እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ጽሑፉን ማታውኑ ተቀበዪ፤ ጠዋት ተሰጥቶሽ የምታነቢው ከሆነ ማንም ይንቀጠቀጣል። ጮክ ብለሽ ሦስት ጊዜ አንብቢው፤ ትንፋሽ የምትወስጂበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዢና ሰልፈኛውን እያየሽ ተናገሪው። መጀመሪያ ላይ አንድ አጭር ዜና ብቻ ውሰጂ፤ ሌላውን ጓደኛሽ ታንብበው።

ጥያቄ፦ በውጭ አገር የምንኖር የቀድሞ ተማሪዎች ነን። የተማርንበትን ትምህርት ቤት መርዳት እንፈልጋለን። ኮምፒዩተር እንላክ?

መልስ፦ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። መብራት በሌለበት ቦታ ኮምፒዩተር ሳጥን ውስጥ ይቀራል። በ2015 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት የመማሪያ መጻሕፍትን ስለቀየረ የእናንተ ዘመን መጻሕፍትም ሁልጊዜ አይስማሙም፤ በዚያ ፈንታ አዲሱን መጽሐፍ አገር ውስጥ አሳትሞ ወይም አስቀድቶ መስጠት ይበልጥ ይጠቅማል። ጥያቄያችሁን ለርእሰ መምህሩ ብቻ ሳይሆን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትም በደብዳቤ ላኩ፤ ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ገብቶ በደረሰኝ ይሠራበት፤ የተገዛው ዕቃም በሚኒ ሚዲያ ይነገር። ተማሪው ምን እንደመጣ ካወቀ ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ 12ኛ ክፍሎች ሲሄዱ ክበባችን እንደ አዲስ ይጀምራል። የቀድሞው ሥራ ሁሉ ይጠፋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አንድ ወፍራም መዝገብ ግዙ። የተነበበው ዜና ሁሉ ቀኑና የጸሐፊው ስም ተጽፎበት ይለጠፍበት፤ የወረዱ የግድግዳ ጋዜጦችም ተጣጥፈው በአንድ ካርቶን ይቀመጡ። በየካቲት አዲሶቹ አባላት ከነባሮቹ ጎን ሆነው ሥራ ይጀምሩ፤ በግንቦት ነባሮቹ ማጉያውን፣ ማይክራፎኑን፣ ገመዱን፣ ባትሪውንና መዝገቡን አንድ በአንድ ቆጥረው በፊርማ ያስረክቡ። አንዱ ቅጂ በተጠሪ መምህሩ ዘንድ፣ ሌላው በንብረት ክፍል ይቀመጥ፤ የመሣሪያ ክፍሉ ቁልፍም ሁለት ይሁንና አንዱ ክረምቱን ሙሉ በግቢው ውስጥ በሚቆየው ጥበቃ እጅ ይቆይ።